የወንድሜ እግር ልክ

ሥራዬ የሰው እግር ማየት ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የኛ የኢትዮጵያውያን ሰፈር በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የሩጫ ጫማ ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጫማውንና ካልሲውን ያወልቃል፤ እኔ ፊቱ ተንበርክኬ እግሩን አያለሁ። የዳኛ እግር አይቻለሁ። የፖሊስ እግር አይቻለሁ። ጥፍሯን ወርቅማ ቀለም የተቀባች የሰማንያ ዓመት ባልቴት እግርም አይቻለሁ። የታላቅ ወንድሜን እግር ግን ያየሁት ከረፈደ በኋላ ነው፤ የማወራውም ስለዚያ ነው።

ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ የደንበኞቹ ፊት ይበራል። ማራቶን እሮጥ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። በመጀመሪያው ዓመት እውነቱን እናገር ነበር፤ ቅር ሲላቸው እያየሁ ተውኩት። አሁን "ድሮ ነበር" ብዬ አልፋቸዋለሁ፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ጫማውን ይገዛሉ። ማናጀሬም የቀጠረችኝ ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ጉልበቷ እስኪያልቅ የሮጠች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀጭን ፈረንጅ ናት። ሙያውን ግን ሳትሰስት ነው ያስተማረችኝ።

ያስተማረችኝ ይህን ነው። ሰውየው መጀመሪያ በባዶ እግሩ ይቁም። ተቀምጦ የተለካ እግርና ቆሞ የተለካ እግር አንድ አይደሉም፤ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ሁለቱንም እግር ለኪ፤ ጫማው የሚገዛው በትልቁ ልክ ነው። እግሩን አርጥቦ ወረቀት ላይ ሲቆም መላ እግሩ ከታተመ ጠፍጣፋ ነው፤ መሃሉ ባዶ ቀርቶ ተረከዙና የፊቱ ብቻ ከታተመ ደግሞ ጎበጥ ያለ ነው። ጠፍጣፋው ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይዘማል፤ ከውስጥ በኩል ደገፍ የሚያደርገው ጫማ ይፈልጋል። ጎባጣው መሬቱን በደረቁ ይመታዋል፤ ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ጫማ የሚስማማው እሱን ነው። ከዚያ የመሮጫ ማሽኑ ላይ ይራመድ፣ ይሩጥ፤ ከኋላው በካሜራ ተመልከቺው። ያመጣውን አሮጌ ጫማ ገልብጪና የት ጋ እንደተበላ እይ። ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣትሽን ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። "ስኳር አለብኝ ካለሽ ግን" ትል ነበር ጣቷን ቀስራ፣ "ምንም አትሽጪለት። መጀመሪያ ሐኪም እግሩን ይየው።"

ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የማስለምደው እኔ ነኝ። ማናጀሬ ስትታመም ሱቁን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነበርኩ። ኩራትም ነበረብኝ፣ አልዋሽም። መንገድ ላይ የሰው አረማመድ እያየሁ ይሄ ጠፍጣፋ ነው፣ ያቺ ተረከዟን ያማታል እያልኩ ነበር የምሄደው።

ወንድሜ የአሥራ አራት ዓመት ታላቄ ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወደዚህ አገር ያመጣኝም እሱ ነው። ሚስት አላገባም። ዘመዶቻችን ያላገባው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ፊት ለፊቴ ይናገራሉ፤ እሱ ሲሰማ ይቆጣቸዋል። ሃውቶርን ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ብቻውን ይኖራል። ሥራው ዳውንታውን አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሰው መኪናውን ትቶለት ይሄዳል፤ ሲመለስ ወንድሜ ቁልፉን ይዞ ዳገቱን እየሮጠ ይወጣና መኪናውን ያወርድለታል። ዕድሜው ስድሳ ሊደፍን ምንም አልቀረውም ነበር። ደንበኞቼ ሁላችንንም ሯጮች ያደርጉናል፤ ከቤተሰባችን በእውነት የሚሮጠው ግን እሱ ብቻ ነበር፣ ኮንክሪት ላይ፣ የሰው መኪና ለማምጣት።

ጋሼ ነው የምለው። አንተ እያሉትም ጋሼ ጋሼ ነው። ልጅ ሆኜ እግሬን ያጠበኝ እሱ ነው፤ እኔ ግን ለአንድም ቀን "ካልሲህን አውልቅና እግርህን ልይ" ብዬው አላውቅም። ከአፌም አይወጣልኝ። የፖሊሱን እግር ጭኔ ላይ አድርጌ የማገላብጥ ሴት ወንድሜ ፊት ስደርስ እጄን አጣጥፌ ነው የምቀመጠው። "ትንሽ ስኳር አለችብኝ" ብሎኝ ያውቃል። እኛ ዘንድ ስኳር ሁልጊዜ ትንሽ ናት። ክኒን እንደሚውጥ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። ጫማችንን አውልቀን ስለምንገባ በመግቢያው ኮሪደር ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ በአንድ በኩል የወንዶች፣ በሌላው የሴቶች ጫማ ይቀመጥበታል። አንድ እሁድ እንደ ልማዴ አርፍጄ ስደርስ ቅዳሴው ገብቷል። ጫማዬን ሳወልቅ ዓይኔ የወንድሜ ጫማ ላይ ዐረፈ። ጥቁር የሥራ ጫማ ነው፣ አውቀዋለሁ። የግራው ጫማ በውጭ በኩል፣ ትንሿ ጣት በምታርፍበት ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቀዳዳ ነበረው።

የሥራ ልማድ ነውና አንስቼ ገለበጥኩት። የቀኙ ሶል እኩል አልቋል። የግራው ግን በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ በውጭ በኩል አዲስ ይመስላል። እጄን ከትቼ ብዳስሰው ከታች የሚነጠፈው ስፖንጅ የለም። ወዲያው ፈረድኩ፤ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ግራው ወደ ውስጥ ይዘማል፣ ስፖንጁ አልቆ ተጥሏል፣ ጫማው አርጅቶ ተቀዷል። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የቀዳዳው አፍ ቀጥ ያለ ነበር። አርጅቶ የሚቀደድ ቆዳ እንዲያ አይቀደድም፤ ይሰነጠቃል፣ ይበጣጠሳል። ዓይኔ ያኔውኑ አይቶታል፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ግን ያን ሰዓት አንዲት ሁላችንም የምናከብራቸው እናት ከጀርባዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙና በሹክሹክታ "የኔ ልጅ፣ ለወንድምሽ ጫማ ግዢለት እንጂ። አንቺ ጫማ ቤት አይደል እንዴ የምትሠሪው?" አሉኝ። ፊቴ ነደደ። በምን ያህል ሰው ፊት በዚህ ጫማ ሲመላለስ እንደከረመ፣ ስንቱ አይቶ እኔን እንዳማ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀዳዳው አላሰብኩም። ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ ሱቅ ገብቼ መረጥኩለት። ከውስጥ በኩል ድጋፍ ያለው፣ ተረከዙ ስር ወፍራም ስፖንጅ የተደረገበት፣ ለሥራም እንዲሆነው ጥቁር ቀለም። ቁጥሩን ከአሮጌው ጫማ ምላስ ላይ አንብቤ ነበር። ማናጀሬ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

"ለምን ይዘሽው አትመጪም?" አለችኝ።

"ሥራ ይበዛበታል። እግሩን አውቀዋለሁ።"

እንዲህ ነው ያልኳት። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ "እግሩን ሳታዩ ጫማ እንዳታነሱ" የምለው እኔው ነኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ልጋብዘው ወሰድኩት። ምግቡ ቀርቦ እየበላን ካርቶኑን ከጠረጴዛው ስር አወጣሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

"ጫማ ነው፣ ላንተ።"

ክዳኑን ከፈት አድርጎ በጨረፍታ አየና ሳቀ። "የስፖርት ጫማ? ኦሎምፒክ ልትልኪኝ ነው እንዴ?"

"ጋሼ፣ ሙሉ ሺፍቱን ኮንክሪት ላይ እኮ ነህ። ይሄ ኩሽን ያለው፣ ለስላሳ ነው። ዝም ብለህ ትራይ አድርገው።"

"ሰው እየበላ እዚህ እግሬን ላወጣ? ነውር አይደለም?"

"እሺ ቤት ወስደህ ሞክረዋ!"

"ያለኝ ይበቃኛል። በእሱ ተመችቶኛል።" ካርቶኑን በክንዱ ወደ እኔ ገፋው። "ሪተርን አድርጊው። ሪሲቱን አልጣልሽውም አይደል?"

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ፤ እሱ ነው የሚያባብለኝ። ያን ቀን ግን ሊያባብለኝ አልሞከረም፤ አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ። ግትርነት መሰለኝ። ለራሱ አንድ ነገር ማድረግ የማያውቅ፣ በመከራ መኖር ጽድቅ የሚመስለው ሰው ነው ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ጫማውን አልመለስኩትም፤ የመኪናዬ ኋላ ውስጥ ወረወርኩት፤ እዚያው ዋለ፣ አደረ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ባላደረግሁት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። በሚቀጥለው እሁድ ሆን ብዬ ካርቶኑን ትቼ ጫማውን በላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ከውስጥ የዲያቆኑ ድምፅ ይሰማል። መደርደሪያው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ክሩን አስገባሁ። ሱቃችን ውስጥ ክር የምንቋጥርበት መንገድ አለ፤ ከላይ ያለችውን ትርፍ ቀዳዳ ተጠቅመን በሁለቱም በኩል ቀለበት እንሠራና ክሩን አሻግረን እናሾልከዋለን፣ ተረከዙ እንዳይንሸራተት። እንደዚያ አድርጌ አሳምሬ አሰርኩት። አዲሱን አስቀመጥኩ፣ አሮጌውን በላስቲክ አድርጌ ወጣሁና ከመኪና ማቆሚያው ዳር ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁና ተሳለምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቅዳሴውን እንደዚያ ቀን በደስታ የቆምኩበት ጊዜ የለም።

ሕዝቡ ሲወጣ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ አየው ነበር። ወንድሜ መደርደሪያው ጋ ደረሰ፣ ፈለገ፣ ጎንበስ ብሎ ከታች አየ። አዲሱን ጫማ አላነሳውም። ሰው ሁሉ የየራሱን እየወሰደ ሲሄድ እሱ በካልሲው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ጋሼ፣ ምነው?" ይሉታል፤ "ምንም፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው" ይላል። የሰው ጫማ ላለመውሰድ መደርደሪያው ባዶ እስኪሆን ጠበቀ። በመጨረሻ ያቺ ጥንድ ብቻ ቀረች። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አነሳት፣ ክሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ አደረጋት። እኔ ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ ወጥቼ በመስታወቱ አሻግሬ አየው ነበር። አሳዘነኝ፤ ግን ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ወደ መኪናው ሲመጣ ዓይን ዓይኔን እያየ "ሰው ጫማዬን ተሳስቶ ወስዶብኝ ሄደ" አለኝ።

"አዲስ ትቶልህ አይደል? እግዜር ነው የሰጠህ። ምን ታጉረመርማለህ፣ አድርገው።"

"የሰው ጫማ እኮ ነው።"

"ባለቤቱ ቢፈልገው ኖሮ እስካሁን ይቆይ ነበር?"

"ኦኬ" አለ። "እንግዲህ የሰጠኝን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው።"

"አሜን" አልኩ። ደግሞ አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት እሁድ ያህል እግሩን እያየሁ ስኮራ ከረምኩ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ። ድጋፉ መዝመሙን አቃናው ብዬ ለማናጀሬ ነገርኳት። "እንዴት ነው፣ ለስላሳ ነው?" ስለው "ለስላሳ ነው" ይለኛል። "አልጠበበህም?" ስለው "ጥሩ ነው" ይለኛል። እኛ ጥሩ ነው ካልን ምን ማለታችን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ደንበኛ "ጥሩ ነው" ሲለኝ አላምነውም፤ አስወልቄ ጣቶቹ ቀልተው እንደሆነ አያለሁ። ወንድሜን አመንኩት።

በአራተኛው እሁድ ሳይመጣ ሲቀር ብደውል ጉንፋን ነው አለኝ። አምስተኛውም ጉንፋን ነው። ድምፁ አላማረኝም። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሃውቶርን ሄድኩ። በሩን ለመክፈት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሲከፍት ግንባሩ በላብ ረጥቧል፤ ቤቱ ውስጥ ሽታ አለ። ለመደበቅ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቷቸዋል። ግራ እግሩ ላይ ካልሲ አለ፣ ካልሲው ላይ የሱቅ ላስቲክ ታስሯል።

"ጋሼ፣ እግርህን አሳየኝ" አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ምንም አይደለም። ማንዴይ አፖይንትመንት አለኝ።"

"አሳየኝ አልኩህ!"

ጮኼበት ነበር። ተቀመጠ። ተንበርክኬ ላስቲኩን ፈታሁ፤ ካልሲው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ አልወጣ አለኝ። ውሃ እያርከፈከፍኩ አላቀቅኩት። ያየሁትን አልጽፈውም። ትንሿ ጣቱ የሰው ጣት አትመስልም ነበር፤ ጥቁረቱ ወደ ጎረቤቶቿ ተሻግሯል፣ ከላይ ደግሞ ቅላቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል። በጣቴ ጫን ባደርገው አያመውም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ሌላኛውን እግሩንም አየሁ። ጠፍጣፋ አልነበረም። መሃሉ ጎበጥ ያለ፣ ውሃ ቢረግጥ ተረከዙና ፊቱ ብቻ የሚታተም እግር ነበር፤ እንደ እኔው እግር።

ኢመርጀንሲ ድረስ እንዴት ድራይቭ እንዳደረግሁ አላስታውስም። ወጣት ሴት ሐኪም ናት የተቀበለችን። ከፋይሉ ላይ እያነበበች ነገረችኝ፤ ለካስ ወንድሜ ክሊኒክ ይመላለስ ነበር። ትንሿ ጣቱ ላይ ቁስል ነበረው። ነርሷ ጫማ እንዳይነካው፣ ክብደቱን ከዚያ በኩል እንዲያነሳ መክራዋለች። እሱም የጫማውን ጎን በምላጭ ቀዶ፣ እግሩ ሰፋ ብሎ እንዲያርፍ የውስጡን ስፖንጅ አውጥቶ፣ ቁስሉን ላለመርገጥ ወደ ውስጥ አዘንብሎ ይራመድ ነበር። በመጨረሻ የታየ ጊዜ ቁስሉ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፣ ይላል ፋይሉ።

ሶሉ ላይ ያነበብኩት ሁሉ ልክ ነበር። አንድም ነገር አላመለጠኝም። የተረጎምኩት ነው እንዳለ ስህተት የሆነው። እያሻለው የነበረውን ጫማ ገንዳ ውስጥ ጥዬ፣ ወደ ውስጥ እንዳይዘም የሚገፋ ጫማ አደረግሁለት፣ ቁስሉ ላይ እንዲቆም።

ሐኪሟ ከቤት ይዘነው የመጣነውን አዲሱን ጫማ አንስታ ጣቷን ወደ ጎኑ አስገባች። ለዚህ እግር በጣም ጠባብ እንደሆነ ተናገረችና "ይህን ማነው የለካለት?" ብላ ጠየቀች። ወንድሜ እሷ ፊት አልናገር ስላለ ማስተርጎሙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወደ እሱ ዞሬ "ጫማው አዲስ ነው ወይ ትልሃለች" አልኩት።

ከእኔ በፊት ስንት ዓመት በዚህ አገር የኖረ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ነው። ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ "አዎ፣ አዲስ ነው በያት" አለኝ።

መጀመሪያ ትንሿን ጣቱን ቆረጡ። ከአራት ቀን በኋላ የግራ እግሩን የፊት ግማሽ ቆረጡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአጠገቡ አልተለየሁም። ሊጠይቁት የሚመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "እንዲህ ያለች እህት ለሁሉም ይስጥ" ይሉታል፤ እኔ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ አለቅሳለሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል፤ እኔ ያን ሰሞን ያንን ነበርኩ። ጫማ ግዢለት ያሉኝ እናት መጥተው ሲያቅፉኝ ልገፋቸው ቃጣኝ። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ፓርኪንጉ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠበት። ዳገት የሚሮጥ ሰው ነው የሚፈልጉት። አሁን ጠዋት ተነስቶ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከአፓርታማው በላይ ወደ ኤርፖርት የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ያያል። ስሄድ ደስ ይለዋል። ምግብ እሠራለሁ፣ ፋሻውን እቀይራለሁ፣ ስለ ጫማ አናወራም። እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት በተንበረከክሁ ቁጥር ሦስቴ አራቴ እለካለሁ። ለአንድ ጥንድ ጫማ አንድ ሰዓት እወስዳለሁ። ማናጀሬ ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ፤ ጀርባዬን ያመኛል አልኳት።

ልነግረው የወሰንኩት ቁስሉ ደርቆ ልዩ ጫማ የሚያሠሩለት ጊዜ ነው። የግራውን ክሊኒኩ ይሠራዋል፤ የቀኙን ከእሱ ጋር የሚመጣጠን እኛ እንድንፈልግ አሉን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ያለውን የብረት መለኪያ ይዤ ሄድኩ። እሱ ራሱ ሳልጠይቀው ካልሲውን አወለቀና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ተንበረከክሁ። ቀኝ እግሩን መለኪያው ላይ አሳረፍኩና ቁጥሩን አየሁ። ሲያደርገው ከኖረው ጫማ በአንድ ቁጥር ይበልጣል። ዕድሜውን ሙሉ በጠባብ ጫማ ነበር የሮጠው፤ አንድ ቀን አስቁሜ ለክቼው ቢሆን ኖሮ በሦስት ደቂቃ የማውቀው ነገር ነበር።

"ጋሼ" አልኩ ቀና ሳልል፣ "ያን ጫማ እኮ የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ።

"መቼ አወቅህ?"

"ያኔውኑ። ምሳ ላይ ያሳየሽኝ መሰለኝ፤ ክሩን ሳይ ደግሞ አረጋገጥኩ። አንቺ የራስሽንም ጫማ እንደዚያ ነው የምታስሪው፣ ቀለበት ሠርተሽ። መኪናው ጋ መጥቼ ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ አየሁሽ፤ አልነገርሽኝም። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ተውኩት።"

"ጠቦህ ነበራ? ጠቦህ ነበር?"

"የመጀመሪያ ቀን ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ እግሩም ብዙ አይሰማው።"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም፣ ጋሼ? ለምን አታወልቀውም?" እየጮህኩ ነበር፤ የምጮኸው በማን ላይ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ፣ ልጅ ሆኜ ስቆጣ እንደሚያደርገው። "ሥራሽ እኮ ነው" አለ። "ስንት ፈረንጅ አንቺ ትምረጪልኝ ብሎ ይመጣል። እህቴ ከመረጠችው የተሳሳተው የኔ እግር ነው አልኩ።"

መለኪያውን አስተካክዬ እግሩን እንደገና ለካሁት። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ በአንድ እግሩ ተረከዝና በሌላው ሙሉ እግር መቆም ገና አልለመደም፣ ይንቀጠቀጣል።

"ስንት መጣ?" አለኝ ከላይ። "ጻፊው እንዳትረሺው። የሚቀጥለውንም አንቺው ነሽ የምትመርጪልኝ።"